የታገደው መርፌ

ገመድ ጠማዟ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በቆዳ ፋቂዎች መንገድ ቁልቁል ስትሮጥ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አልፎ ነበር። ዝናቡ አራት ቀን ሙሉ ሳያባራ ወርዷል። ነጋዴዎች ከማለዳው ጀምረው ጥቅል ጨርቃቸውንና የዘይት ማሰሯቸውን ወደ ሰገነት እያወጡ ነው። አንዱ ከላይ ሆኖ ጮኸባት።

"አንቺ ልጅ! ሰው ሁሉ ሽቅብ ሲሸሽ አንቺ ቁልቁል የት ልትገቢ ነው?"

ሩጫዋን ቀጠለች። እውነቱን ብትነግረው ያበደች ትመስለው ነበር። የምትሄደው አባቷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሟ በቤታቸው እንዳይነሳ ወደከለከሉባት ሴት ቤት ነው።

አባቷ የግድቡ አለቃ ናቸው። ከከተማው በላይ ወንዙን የሚገታው የድንጋይ ግድብ ሰባት የእንጨት በሮች አሉት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲከፍቷቸውና ሲዘጓቸው የኖሩት እሳቸው ናቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የአራተኛው በር ማንሻ ዘንግ ተጣብቆ እምቢ ሲል፣ ከግድቡ ጎልማሶች ጋር ትከሻቸውን ሰጥተው ሲገፉ ዘንጉ ቢለቅም ወገባቸው ቀጭ አለ። በስድስት ሰው ሸክም ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ እንደተንጋለሉ ናቸው። ሊያገላብጣቸው የሞከረ ሁሉ ጩኸታቸውን ሰምቶ እጁን ይሰበስባል።

የአገረ ገዢው ዋና ሐኪም በዚያው ምሽት መጥተው አይተዋቸው ነበር። "አሥራ አምስት ቀን ከአልጋ አይነሱም፤ ይህን ጠጥተው ይተኙ" ብለው ጥቁር ብልቃጥ ትተው ሄዱ። አለቃው ብልቃጡን አልነኩትም።

"እኔ ብተኛ ወንዙ አይተኛ" አሉ።

ዛሬ ማለዳ ደግሞ ግድቡን የሚጠብቁት ሻለቃ ከነጭቃቸው ገቡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የጨነቃቸው ሰው ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከአልጋው ራስጌ ቆሙ።

"አለቃ፣ ውሃው የመለኪያ ድንጋዩን ስድስተኛ ምልክት ነክቷል። ስምንተኛውን ሲነካ ሰባቱንም በር ባንዴ አስከፍታለሁ። ሌላ ምርጫ የለኝም።"

"እንደዚያ ካደረጉ መካከለኛው ምሰሶ ይሄዳል" አሉ አለቃው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ። "ምሰሶው ከሄደ የታችኛው ሰፈር አብሮት ይሄዳል።"

"እንግዲያው ቅደም ተከተሉን ይንገሩኝና ጸሐፊዬ ይጻፈው።"

"የሚጻፍ ቢሆን ሠላሳ ስድስት ዓመት እዚያ ምን ገተረኝ? ምሰሶው ላይ መዳፌን ጣል አድርጌ ስሰማው ነው የማውቀው። ዛሬ የሚፈልገውን ትናንት አይፈልግም።"

"እንውሰድዎታ!"

"በየት በኩል?"

ወደ ግድቡ ራስ የሚያወጣው ደረጃ አንድ ሰው ትከሻውን አሹልኮ የሚያልፍበት ጠባብ ነው፤ ቃሬዛ አያሳልፍም። ሠላሳ ሁለቱን ደረጃ ሰው በእግሩ ይወጣዋል፣ ካልሆነም ይቀራል።

ገመድ ጠማዟ ይህን ሁሉ በሩ ጥግ ቆማ ሰማች። ከዚያ ማንንም ሳታስፈቅድ ወጣች።

የብርድ ልብስ ሰፊዋ ቤት ከጨርቅ ማቅለሚያዎቹ ጀርባ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ሴትዮዋ፣ አርባን ያለፈች፣ ፀጉሯን በጨርቅ ያሰረች፣ ውሃው ደጃፏ ላይ እየተንቦጫቦጨ እሷ ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። ገመድ ጠማዟን ስታይ እጇ ቆመ።

"የግድቡ አለቃ ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ፣ እትዬ።"

"እናትሽን ነው የምትመስዪው። ግቢ።"

አልገባችም። ውሃው ውስጥ እንደቆመች የመጣችበትን ባንድ ትንፋሽ ተናገረች፦ የአባቷን ወገብ፣ የሻለቃውን ቃል፣ ስምንተኛውን ምልክት። ሰፊዋ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

"አባትሽ ልኮሽ ነው የመጣሽው?"

"አያውቅም።"

"ቢያውቅስ?"

"ይገድለኝ ነበር" አለች ገመድ ጠማዟ። "መነሳት ቢችል።"

ሴትዮዋ ፈገግ አለች፣ ወዲያውም ፈገግታዋ ጠፋ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የገመድ ጠማዟ እናት ሆዷን ይዛ ስትንፈራገጥ የተጠሩት ሽማግሌው ባለመርፌ፣ የዚህች ሰፊ አባት ነበሩ። ሽማግሌው ማንኛውንም ሕመም በሆድ ላይ በሚያሳርፉት መርፌ በማከም የታወቁ ነበሩ። እናትየው በማግስቱ ሞተች። አለቃው ከሰሱ። ሽማግሌው ከከተማው ተባረሩ፤ በሁለተኛው ዓመት በስደት አረፉ። በአገረ ገዢው ደጃፍም አንድ አዋጅ ተለጠፈ፦ ከእንግዲህ በሰው ሆድ ላይ መርፌ ያሳረፈ እጁ ይቆረጣል። ከአባቷ ጋር አብራ ስታክም የነበረችው ልጅ ከዚያ ወዲህ ብርድ ልብስ ሰፊ ሆነች።

"እትዬ፣ ማስገደድ አልችልም" አለች ገመድ ጠማዟ። "እምቢ ካሉኝ ዕቃዎን ተሸክሜ ወደ ላይ አደርስዎታለሁ። እዚህ ግን አይቀመጡ።"

ሴትዮዋ ከመደቡ ወርዳ አንድ ሣጥን ከፈተች። ከክርና ከቁራጭ ጨርቅ ሥር መርፌ የያዘ የቀርከሃ ቀፎ አወጣች፤ ክዳኑን ነቅላ አየችና መልሳ ዘጋችው።

"አባትሽ ሊከለክለኝ መብት አለው" አለች ጫማዋን እየፈለገች። "ግን ፊት ለፊት ይከልክለኝ።"

አለቃው የሴትዮዋን ድምፅ ገና ከደጅ ለዩት። ፊታቸው ደም ለበሰ። ሊነሱ ሲሉ ሕመሙ መልሶ ቸነከራቸው። ላብ በግንባራቸው ተንቆረቆረ።

"ማን አስገባት? አንቺ ነሽ? እናትሽን የቀበርኩበት እጄ ገና ሳይደርቅ!"

"ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ አባባ" አለች ልጃቸው።

"ለኔ አልሆነውም!"

ሰፊዋ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች፣ ፊታቸውን ታይ ዘንድ፤ እሳቸው ወደ እሷ መዞር አይችሉምና።

"አለቃ፣ ከማንም በፊት እኔ ልናገር። አባቴ ተሳስቷል።"

ገመድ ጠማዟ ቀና ብላ አየቻት።

"እንደ እንጨት የደረቀ ሆድ እንዳልነካ ሲያስተምረኝ ኖሮ ያን ቀን ራሱ ነካ። እናንተ አልቅሳችሁ ስትለምኑት እምቢ ማለት አቃተው። ቸኮለ። መርፌውንም ጠልቆ ሰደደው። ባለቤትዎ ያለዚያም ይሞቱ እንደሆነ አላውቅም፤ እሱም አላወቀም። ሲሞት 'ጥልቁ መርፌ ነው የገደለኝ' እያለ ነው የሞተ። ይህን ሳልነግርዎ እጄን አላሳርፍብዎትም።"

አለቃው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የጠበቁት ክርክር ነበር እንጂ ይህ አልነበረም።

"አንቺስ?" አሉ። "አንቺ ከሱ በምን ትለያለሽ?"

"እኔ የምሞክረው በራሴ ሆድ ላይ ነው። አዋጁ የሰው ሆድ ይላል፤ የራሴን ማንም አልቆጠረውም። ዘጠኝ ዓመት በሌላ ሰው ላይ አላሳረፍኩም። የስንዴ ፍሬ ውፍረት ያህል ብቻ ነው የማስገባው፤ ከዚያ አያልፍም።"

"የሚያመኝ ወገቤ ነው። ሆዴ ምን አደረገሽ?"

"ወገብዎን እንድነካ ማን ያገላብጥልኝ?" አለች። "ፊትና ጀርባ አንድ ግድግዳ ነው፤ በዚህ በኩል ሲያንኳኩ በዚያ በኩል ይሰማል። ደግሞ ሰው በእናቱ ማኅፀን ሳለ የበላውም የጠጣውም በእምብርቱ ነው። የመላ አካሉ መንገድ ከዚያ ነው የተነሳው። አባቴ ሆድ ላይ ኤሊ ተኝታለች እያለ ነበር ያስተማረኝ፦ ራሷ ከእምብርት በላይ፣ እግሮቿ በአራቱ ማዕዘን፣ ጅራቷ ከታች። የርስዎ ሕመም ጅራቷ ላይ ነው።"

"ስንት መርፌ?"

"ስምንት።"

"ባንዴ?"

"በየተራ። አንዱ ሳይረጋ ሌላው አይገባም። ሰውነትዎ ምን እንዳለ ሰምቼ ነው ቀጣዩን የማስቀምጠው።"

የአለቃው ዓይን ከጣሪያው ላይ ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴትዮዋን አየ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ለሻለቆችና ለሹማምንት ሲያስረዱት፣ ለማንም አልገባ ያለ ነገር ነበር የነገረቻቸው።

"እጅሽ እንደሚቆረጥ ታውቂያለሽ?"

"አዋጁን ያስለጠፉት እርስዎ ነዎት፤ በየቀኑ የማልፍበት ግን እኔ ነኝ።"

አለቃው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ልጄ" አሉ፣ "ሸሚዜን ግለጪልኝ።"

ሰፊዋ እጇን በፈላ ውሃ ታጠበች። ጉልበታቸው ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አስገባች። ከዚያ መርፌ ሳታነሳ መዳፏን ሆዳቸው ላይ ዘርግታ ቆየች፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ገመድ ጠማዟ የእናቷን ሆድ ታስታውሳለች፤ ከበሮ መስሎ ነበር።

"ለስላሳ ነው" አለች ሰፊዋ። "ከእምብርቱ በታች ግን ይበርዳል። ጨው አሙቂና በጨርቅ ቋጥረሽ አምጪልኝ።"

የመጀመሪያውን መርፌ ከእምብርት አንድ ጣት ከፍ አድርጋ አሳረፈችው። ከፀጉር ትንሽ የሚወፍር ነበር። አለቃው የሚያማቸውን ሲጠብቁ፣ "ጀምሪ እንጂ" አሉ።

"ጀምሬያለሁ።"

ሁለተኛው ከእምብርት ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ሦስተኛው አራት ጣት ዝቅ ብሎ ገባ። ቀሪዎቹ በግራና በቀኝ። በእያንዳንዱ መሃል ትጠይቃለች፤ "የግራ እግርዎን ጣት ያንቀሳቅሱ። አሁን የት ነው? ወርዷል ወይስ እዚያው ነው?" እሳቸውም እንደ ወታደር ባጭሩ ይመልሳሉ። ስድስተኛው ላይ፣ "አልተንቀሳቀሰም" አሉ። እሷ መርፌውን ነቅላ የጣት ግማሽ ያህል ወደ ውጭ ፈቀቅ አድርጋ መለሰችው።

"አሁንስ?"

አለቃው "ወርዷል" አሉ ቀስ ብለው። "እንደ ውሃ ወርዷል።"

ስምንተኛውን አሳርፋ የጨዉን ቋጠሮ እምብርታቸው ላይ እንዳስቀመጠች በሩ ተበረገደ። ዋና ሐኪሙ ነበሩ፤ ከኋላቸው ሁለት ወታደሮች። ጎረቤት ነግሯቸዋል። የቆሙትን መርፌዎች ሲያዩ የያዙትን ጃንጥላ ጣሉ።

"አዋጅ ተጥሷል! ይህች ሴት ትያዝ! መርፌዎቹን ንቀሉ!"

አንዱ ወታደር አንድ እርምጃ ተራመደ። ገመድ ጠማዟ መሃል ገባች። እጇ ሲባጎና ቃጫ ሲጠመዝዝ የኖረ፣ ከወታደሩ እጅ የማያንስ ነበር።

"ዋና ሐኪም" አሉ አለቃው ከአልጋቸው ላይ፣ ድምፃቸው ሳይነሳ። "ሆዱ የኔ ነው። አንድ መርፌ የነካ ሰው ጠቡ ከኔ ጋር ነው።"

"እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ያስከለከሉት? ለሌላው መቀጣጫ ይሁን ብለው?"

"ነኝ።"

በዚህ መሃል ሻለቃው ደረሱ። በእጃቸው የአሸዋ ሰዓት ይዘዋል፣ ባርኔጣቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ሐኪሙ ሊናገሩ ሲከጅሉ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው።

"ውሃው ሰባተኛው ላይ ነው። ልስማ። ይነሳሉ ወይስ አይነሱም?"

ሁሉም ወደ ሰፊዋ ዞሩ።

"አላውቅም፣ ጌታዬ" አለች። "ሰዓቱን አንድ ጊዜ ይገልብጡልኝ። አሸዋው ሲያልቅ እናውቃለን።"

"ጌታዬ ሻለቃ፣ ይህቺ ወንጀለኛ ናት!" አሉ ሐኪሙ።

"እርስዎ ባንድ የአሸዋ ሰዓት ሊያስነሷቸው ይችላሉ?"

"ማንም አይችልም።"

"እንግዲያው ወንጀሏ እስከዚያ ይቆየን" አሉና ሰዓቱን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ያን ያህል ረጅም ጊዜ ገመድ ጠማዟ በዕድሜዋ አላየችም። ማንም አልተቀመጠም። ሰፊዋ ብቻ በየመሃሉ አንዱን መርፌ በሁለት ጣቷ ትንሽ ታሽከረክረዋለች። አሸዋው ሲሶ ሲቀረው አለቃው የቀኝ ጉልበታቸውን፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከብርድ ልብሱ ላይ ከፍ አደረጉ። ገመድ ጠማዟ አፏን በእጇ ያዘች።

አሸዋው አለቀ። ሰፊዋ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ነቀለች።

"በጎንዎ ይዙሩ። ቀስ ብለው። ከዚያ በክንድዎ።"

ዞሩ። ተነፈሱ። ክንዳቸውን ተደግፈው ቀና ሲሉ ፊታቸው ተጨማደደ፣ ግን አልጮኹም። እግራቸው መሬት ነካ።

"ድኛለሁ ልበል?" አሉ።

"አልዳኑም" አለች። "ሕመሙ እዚያው ነው፤ መንገድ ነው የለቀቀልዎ። ከነገ ወዲያ ይመለስ ይሆናል። ዛሬ ግን ይራመዳሉ። ከባድ አያንሱ፣ አይጎንበሱ።"

ገመድ ጠማዟ ከራሷ ሥራ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ አምጥታ ወገባቸውን ሦስት ዙር አሰረችላቸው። እስከ ግድቡ በሻለቃው በቅሎ ጋሪ ሄዱ፤ ከደረጃው ሥር ወረዱ። ልጃቸው ከፊት፣ ሰፊዋ ከኋላ ሆኑ። አሥረኛው ደረጃ ላይ ቆሙ። ሃያኛው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ከላይ የውሃው ግሳት ይሰማል። "አባባ፣ ልደግፍህ?" ስትላቸው "መንገዱን ነው የምትዘጊብኝ" አሏት። ሠላሳ ሁለተኛውን ሲረግጡ ወታደሮቹ ሁሉ ዘንጎቹን እንደጨበጡ ያዩዋቸው ነበር።

አለቃው ማንንም አላዩም። መካከለኛው ምሰሶ ጋ ሄደው መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ።

"ሦስተኛው፣ አንድ ክንድ" አሉ።

ዘንጉ ተንቋቋ። ውሃው ተፈተለከ። ጠበቁ።

"ስድስተኛው፣ ግማሽ ክንድ። አይበቃም፤ አንድ ጣት ጨምር። ቁም!"

እንዲህ እያሉ እስከ ማምሻው ሰሙና አዘዙ። አራተኛውን በር ጨርሶ አላስከፈቱትም፤ ለምን እንደሆነም ለሻለቃው አላስረዱም። ውሃው ስምንተኛውን ምልክት ነክቶ ትንሽ አለፈው፣ ቆመ፣ ከዚያ ጀንበር ሳትጠልቅ ተመልሶ ወረደ። የታችኛው ሰፈር ወፍጮ ቤት በጎርፍ ተወሰደ። ሦስት ቤቶች ፈረሱ፣ አንዱ የብርድ ልብስ ሰፊዋ ነበር። ሰው አልሞተም።

ዋና ሐኪሙ ግን ክሳቸውን አልተዉም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አገረ ገዢው ችሎት ተቀመጡ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰፊዋ በሁለት ወታደሮች መሃል ቆማለች። አለቃው በልጃቸው ትከሻ ላይ ተደግፈው ገቡ፤ ሕመሙ እንደተነገራቸው ተመልሶ ነበር። ወንበር ሲቀርብላቸው እምቢ አሉ።

"ቆሜ ልመስክር" አሉ። "ያኔም ቆሜ ነው የከሰስኩት።"

"ይህች ሴት በሆድዎ ላይ መርፌ አሳርፋለች?" ሲሉ አገረ ገዢው ጠየቁ።

"ስምንት፣ ክቡርነትዎ። በፈቃዴ።"

ሐኪሙ ተነሱ። "ይኸው አመኑ! ሕግ በፈቃድ አይሻርም።"

"አይሻርም" አሉ አለቃው። "እኔ አዋጁን ያስወጣሁት ሚስቴ ስለሞተች ነው። የገደላት ጥልቅ መርፌ ይሁን ሕመሟ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ሐዘኔ ዳኛ ሆኖ ሙያውን በሙሉ ፈረደበት። ጥልቁን መከልከል ነበረብኝ፣ ሁሉንም ከለከልኩ። ያ የኔ ጥፋት ነው። የሚቆረጥ እጅ ካለ፣ አቤቱታውን የፈረመው ይቆረጥ።"

አዳራሹ አጉረመረመ። አገረ ገዢው ጢማቸውን እየዳሰሱ ሻለቃውን አዩ፤ ሻለቃው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከዚያ ሴትዮዋን ጠየቋት።

"ከአሁን በኋላ እንዳታደርጊው ብምርሽ ትምያለሽ?"

በቀላሉ የሚመለስ ጥያቄ ነበር። እሺ ብላ መሄድ ነው።

"አልምልም፣ ክቡርነትዎ" አለች ሰፊዋ። "እንደ እንጨት የደረቀ ሆድ እንዳልነካ፣ ከስንዴ ፍሬ እንዳላሳልፍ፣ የማልችለውን አልችልም እንድል ያስምሉኝ፤ እምላለሁ። እንዳላክም ግን አልምልም። ዘጠኝ ዓመት ዝም ብዬ አይቼዋለሁ፤ ዝምታም ሰው ይገድላል።"

አገረ ገዢው አዋጁ እንዲነሳ፣ በቦታውም እሷ ያለቻቸው ሦስት ቃል ኪዳኖች እንዲጻፉ፣ ያን ያላከበረ ብቻ እንዲቀጣ አዘዙ። ዋና ሐኪሙ ካባቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ጸሐፊው አዲስ ብራና ዘረጋ። ብዕሩን ቀለም ነከረና ቀና አለ።

"ሥራሽ? ብርድ ልብስ ሰፊ ልበል?"

"ሐኪም" አለች።

ጸሐፊው እጁን አንጠልጥሎ ወደ ዋና ሐኪሙ ሰረቅ አድርጎ አየ። ከዚያ ወደ አገረ ገዢው። ብዕሩ ላይ የተንጠለጠለችው የቀለም ጠብታ ልትወድቅ ደረሰች።

"ጻፍ እንጂ ልጄ!" አሉ የግድቡ አለቃ የልጃቸውን ትከሻ ጨብጠው። "ይህ ወገብ አንተን ቆሞ ሊጠብቅ አልተዋዋለም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሴትዮዋም ሳቀች። ጸሐፊው አጎንብሶ ጻፈ።